የዕውሩ ጠላቂ ጭምብል

ሙላቴ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ዝቅ ብሎ ጎማ ይለጥፋል። ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር እሱ ዘንድ ሲደርስ ሥራው ቶሎ ቢያልቅም ወሬው አያልቅም። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሳለ ከመርከብ ሆድ ሥር ገብቶ ስለፈታው ሰንሰለት፣ ውኃ ውስጥ ስለጠገነው ቧንቧ፣ ስለ አለቃው ቁጣ ሳይሰማ የሚሄድ የለም። ወሬው ውሸት የለበትም። ችግሩ፣ ይህን የሚያወራው ሰውዬ አሁን መነጽሩን ካወለቀ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመውን ሰው ወንድ ይሁን ሴት አለመለየቱ ነው። የባሕር ኃይሉ ከተበተነ ወዲህ ዓይኑ በየዓመቱ እየደከመ ሄዶ፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላው የመነጽሩ ቁጥር ስድስት ተኩል ደርሷል። የሚኒባስ ረዳቶች «ዕውሩ ጠላቂ» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ የሚስቀው ግን በጥርሱ ብቻ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ከእብናት ስልክ ተደወለለት። ሞገስ ውኃ ገብቶ አልወጣም አሉት። ሞገስ የሟች ሚስቱ የታላቅ እህት ልጅ ነው። ኮሌጅ ሲማር ሦስት ዓመት ሙሉ ሙላቴ ቤት ነበር ያደረው፤ ተመርቆ እብናት አካባቢ አስተማሪ ሆኖ ከተመደበ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ገላዬን ልታጠብ ብሎ ወደ አሞራ ገደል ግድብ ወረደ። ኮቱ ዳር ላይ በወጉ ታጥፎ፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ ተከትቶ ተገኘ። እሱ ግን አልተገኘም።

የሰፈሩ ዋናተኞች አራት ቀን ፈለጉት። በአምስተኛው ቀን ሙላቴ ባሕር ዳር ጀልባ ከሚጠግን የድሮ ጓዱ የአየር ሲሊንደርና አንድ አሮጌ የጠላቂ ጭምብል ተውሶ ከተፍ አለ። ዳር የቆመው ሕዝብ እፎይ አለ፤ የመንግሥት ጠላቂ መጣልን ብሎ። ሙላቴም ያንን እፎይታ በጀርባው ተሸክሞ ገባ። የዓይን መነጽር ከጭምብል ሥር አይደረግም፤ ዘንጉ ላስቲኩን ከፊት ያላቅቀውና ውኃ ያስገባል። ስለዚህ ያለ መነጽሩ ነበር የገባው። ግድቡ ሲሞላ ሳይቆረጡ የተዋጡ ዛፎች ከታች ቆመዋል፤ ለእሱ ግን ሁሉም ጥቁር ጥላ ነበሩ። ግማሽ ሰዓት ዳብሶ ወጣና «አላየሁም» አለ።

ደብረ ታቦር ከተመለሰ በኋላ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለው። ከእነዚያ ጥላዎች አንዱ ቅርንጫፍ አልነበረውም። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሌሎቹ አጠር ያለ ነገር ነበር። ጉቶ መሰለውና አለፈው። ጎማ በለጠፈ ቁጥር፣ ቀዳዳ ሊፈልግ ውኃ በርሜሉ ላይ ባጎነበሰ ቁጥር ያ ጉቶ ይመጣበታል። ሬሳ በሳምንቱ ይንሳፈፋል፤ ይህኛው ግን ሦስት ሳምንት ሞልቶትም አልተንሳፈፈም። ዛፍ ይዞታል አለ ሰው። ሙላቴም ዛፍ ይዞታል አለ።

የልጁ እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጃቸው ፍትሐት ተደርጎለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአባቱ አጠገብ እንዲያርፍላቸው። እሱም እስከ አርባው ቀን። ከዚያ በኋላ ቢገኝ ምን ይገኛል ብለው ነው። በስልክ ሙላቴን የሚጠይቁት አንድ ቃል ነበር፤ «ትመለሳለህ?» ይሉታል። «እመለሳለሁ» ይላቸዋል። በምን ዓይን እንደሚመለስ ግን አያውቅም።

ለዚህ መላ ያገኘችለት ትዝታ ናት። ከሐዋሳ መጥታ ደብረ ታቦር መነጽር ቤት የከፈተች የዓይን ባለሙያ ናት፤ የሙላቴን መነጽር ሦስት ጊዜ የቀየረችለት እሷ ነች። ለካስ ሩቅ ማየት ለሚሳነው ሰው ተብሎ የሚሠራ የጠላቂ ጭምብል አለ። ጓዱ ከባሕር ዳር ሁለት ጭምብልና ሌንሶች ላከለት፤ ሙላቴም በፌስታል አንጠልጥሎ መጥቶ ባንኮኒዋ ላይ ዘረገፋቸው።

ትዝታ መጀመሪያ ባለ አንድ መስታወቱን አነሳች። «ይሄኛው ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ጋሽ ሙላቴ። ግን የእርስዎን ሌንስ ከውስጥ በማጣበቂያ መለጠፍ ሊኖርብኝ ነው። ማጣበቂያው ውኃ ውስጥ ቢለቅብዎትስ?»

«ስለ ማጣበቂያ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?» አለ ጎማ ለጣፊው።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሙላቴ ጭምብሉን አገላብጦ አየው። «ይለቃል» አለና ወደ ጎን ገፋው።

«ዓይን ውስጥ የሚገባ ስስ ሌንስም አለኝ። ጭምብሉ ውኃ ካስገባ ግን ታጥቦ ይሄዳል። የግድብ ውኃ ደግሞ ከሥሩ ከገባ ዓይን ያቆስላል። እኔ አልመክርዎትም።»

የቀረው ባለ ሁለት መስኮቱ ነበር። ይህኛው መስታወቱ ከነፍሬሙ ይወጣና በቁጥር የተሠራ ሌንስ ይተካበታል፤ ሌንሱ የሚመጣው በግማሽ በግማሽ እየጨመረ ነው። ሙላቴ ማሰሪያውን ወደ ኋላ አድርጎ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ለጠፈና በአፍንጫው አየር ሳበ። ልኩ ከሆነ ያለ ማሰሪያ ፊት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ይህን ምጽዋ ላይ ተምሮታል። ጭምብሉ ግን ሸርተት ብሎ መዳፉ ላይ ወደቀ። ትዝታ ጢሙን አየች። ሙላቴ ሚስቱ ስትሞት እንኳ ያን ያህል አላሳደገም ነበር፤ ሞገስ ከጠፋ ጀምሮ ምላጭ አልነካውም። የሐዘን ጢም እስከ አርባ አይላጭም።

«ላስቲኩ የሚተኛው በቆዳ ላይ ነው» አለች ትዝታ ቀስ ብላ። «በጢም ላይ አይተኛም።»

ሙላቴ ጢሙን ዳበሰ። እሷም ነገሩን ለማለፍ ብላ ሌንሶቹን አነሳች። ስድስት ቁጥርና ስድስት ተኩል ነበሩ። «ውኃ ራሱ ነገርን አቅርቦና አግዝፎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ግማሽ ዝቅ ብለን ስድስቱን ብናደርግ ይሻላል። ዓይንዎም አይደክምም። ሰው ለማግኘት ስድስት ይበቃል።»

«ስድስት ተኩሉን አድርጊልኝ።»

«አያስፈልግዎትም እያልኩ ነው።»

«ትዝታ፣ አንዴ አላየሁም ብዬ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ አልልም። ክር ቢሆን እንኳ አጥርቼ ማየት እፈልጋለሁ።»

ዓይኑ እምባ ማቅረሩን ስታይ አልተከራከረችውም። ስድስት ተኩሉን ገጠመችለት።

ከዚያው ፀጉር አስተካካይ ቤት ገባ። አስተካካዩ «አርባው ወጣ እንዴ?» ብሎ ጠየቀና አለመውጣቱን ሲሰማ ምላጩን መልሶ አስቀመጠ። ሙላቴ ራሱ አንስቶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ መነጽሩን ስላወለቀ ፊቱ መስታወቱን ሊነካ ሲደርስ ነው የሚያየው። በሁለት ቦታ ተቆርጦ ጨረሰ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ እብናት ደረሰ። ሙላቴ ሐዘን አቋረጠ ተባለ። የወለደው ቢሆን ኖሮ አያደርገውም ነበር ተባለ። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሞገስን ይዤላቸው ስወጣ ጢሜን ማንም አያነሳም እያለ በልቡ ይዝታል። ይሄ የቁጭት ነገር ክፉ ነው፤ ሐዘኑን ሳይታወቀው ወደ ፉክክር ለወጠበት።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጠዋት አሞራ ገደል ደረሰ። ውኃው ከክረምቱ ደለል ጠርቷል። ዳሩ ላይ መቶ የሚሆን ሰው አለ። የአስከሬን ሳጥን ተዘጋጅቷል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ከአባቱ አጠገብ ጉድጓዱ ከትናንት ጀምሮ ተቆፍሯል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ከፊት ተቀምጠዋል። የተላጨ ፊቱን አዩና ዓይናቸውን ወደ ውኃው መለሱ።

የደብሩ ቄስ ላቀው እጁን ይዘው ከሰው ገለል አደረጉት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሞገስን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

«ሙላቴ፣ ብታገኘው መጀመሪያ የምትነግረኝ ለእኔ ነው። ቀስ ብለህ፣ በጆሮዬ።»

«እሺ አባ።»

«ሰማኸኝ? ለማንም ሳትናገር።»

«ሰምቻለሁ አባ» አለ። ለእናትየዋ መርዶውን አለሳልሰው ሊነግሩ ነው ብሎ ገመተ። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም። የማሰብ ጊዜ አልነበረውም ልል ፈልጌ ነበር፤ ነበረው። ሐሳቡ ሁሉ ጭምብሉ ላይ ስለነበር ነው።

ሲሊንደሩን አዘለ፣ ጭምብሉን አጠለቀ፣ ገባ።

ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን እውነቱን መደበቅ ምን ይጠቅማል። ሙላቴ ውኃው ውስጥ ደስ አለው። ሠላሳ ዓመት ያጣውን ነገር መልሶ አገኘው። የእያንዳንዱን ዛፍ ቅርፊት ያያል። ቅርንጫፍ ላይ የቀረ የወፍ ጎጆ ያያል። ጣቱን ዘርግቶ አየው፤ ጥፍሩ ሥር የቀረውን የጎማ ጥቀርሻ እንኳ ይለያል። ለምን እንደመጣ ለጥቂት ደቂቃ ረሳ። ከዚያ ሦስተኛውን ዛፍ ሲያልፍ ጉቶውን አየ።

ጉቶ አልነበረም። ሞገስ ቆሞ ነበር። እግሩ መሬት አይነካም፤ ራሱን ደፍቶ፣ እጆቹ ከጎኑ ተለቀው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ሙላቴ ዓይኑን ሊጨፍን ፈለገ፤ አልጨፈነም። አጥርቶ አየ። ከወገቡ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ቁልቁል ወርዷል። ከገመዱ ጫፍ ድንጋይ የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት አለ። ቋጠሮው ከፊት ለፊት፣ ከእምብርቱ በታች ነው። ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ትርፉ ገመድ ሳይቀር ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ጥንቁቅ ልጅ ነበር፤ ሙላቴ ቤት ሳለም አልጋውን ሳያነጥፍ ወጥቶ አያውቅም።

ምጽዋ ላይ አንድ ሕግ ነበር። ጠላቂ ብቅ እንዳለ፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ ሦስት ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል። ምን እንዳገኘ፣ የት እንዳለ፣ በምን እንደተያዘ። አለቃው ይህን በጥፊ ነው ያስተማራቸው፤ አንድ ነገር ያጎደለ ከእሱ በኋላ የሚወርደውን ጓዱን ይገድላል እያለ። በዚያ ዕድሜ በጥፊ የገባ ነገር አይወጣም። ሙላቴ ብቅ አለ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ከአፉ አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«አስከሬኑ ተገኝቷል። ከሦስተኛው ዛፍ በስተግራ ነው። ወገቡ ላይ በገመድ ድንጋይ ታስሯል።»

በመጀመሪያው ቃል ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረው ነበር። በሦስተኛው ዝም አሉ።

ቄስ ላቀው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገብተው ቀረቡ። «ሙላቴ፣ ዓይንህ ደካማ ነው። ይህን አገር ያውቀዋል። የዛፍ ሥር ተጠምጥሞበት ይሆናል። ረጋ ብለህ አስብ።»

መውጫ መንገድ ነበር የሰጡት። በር ከፍተው፣ ውጣ ብለው ይዘውለት ነበር። ሙላቴ ግን የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይንህ ደካማ ነው የምትለዋን። ከኋላም አንዱ «ዕውር ምን ያያል» ሲል ሰማ። ሐዘኑን አቋረጠ የተባለበት፣ በሚኒባስ ረዳት የተሳቀበት፣ ፊቱን በምላጭ የቆረጠበት ሁሉ ባንዴ መጣበት።

«የዛፍ ሥር አይደለም አባ። እንደ መስታወት ነው ያየሁት። ገመዱ ሰማያዊ ናይለን ነው። ድንጋዩ በማዳበሪያ ከረጢት ነው።»

«ውኃ ያታልላል ልጄ። ሌላ ሰው አስሮ ጥሎትም ይሆናል» አሉ ቄሱ። አንድ እርምጃ ጠጋ አሉት። «አይደለም?»

«ሌላ ሰው ቢሆንማ እጁን ያስረው ነበር። እጁ ነጻ ነው። ቋጠሮውም ከፊቱ ነው፤ ራሱ ነው የቋጠረው።»

ቄስ ላቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ሙላቴ ቀና ብሎ ዳሩን አየ። ጭምብሉን አላወለቀም ነበርና ወይዘሮ ፈንታነሽን አጥርቶ አያቸው። የፊታቸውን ሽብሽብ ሁሉ፣ የደረቀውን ከንፈራቸውን አየ። አይጮኹም፤ አያለቅሱም። እንደ ባዕድ ሰው እያዩት ነበር። ምን እንደሠራ ያን ጊዜ ገባው። በገዛ እጁ ሕይወቱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ በግቢውም መቃብር የለውም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሙላቴም ያውቀዋል። ቄሱ ከመጀመሪያው ጠርጥረው ነበር፤ በጆሮዬ ንገረኝ ያሉት ለዚህ ነበር። በጆሯቸው ቢነገራቸው እሳቸውና እግዚአብሔር ያውቁት ነበር። መቶ ሰው ፊት ግን ቀኖናውን እንዴት ይሻሩት።

«አባ» አለ ሙላቴ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ምናልባት እኔ ተሳስቼ…»

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ» አሉ ቄስ ላቀው። እርጥብ ቀሚሳቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ሙላቴ መልሶ ወረደ። ቋጠሮው ውኃ ጠጥቶ ስለጠበቀ አልፈታ አለው፤ በቢላ ቆረጠው። ልጁን አቅፎ ወጣ። ሦስት ዓመት ያበላው ልጅ ነው፤ አባትም ያልሆነ ሰው ቢያቅፈው አንጀቱ ይበጠሳል። ከወረዳው የመጣው ፖሊስ አይቶ፣ ጽፎ፣ ለቤተሰቡ አስረከበ። ከሕዝቡ ብዙው በዚያው ወደየቤቱ ተበተነ፤ ሳጥኑን ለመሸከም እንኳ ሰው በልመና ነው የተገኘው።

ከአባቱ አጠገብ የተማሰውን ጉድጓድ ሁለት ሰዎች አፈር መለሱበት። ሌላ ጉድጓድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተቆፈረ። ቦታው ድንጋያማ ነበር። ሙላቴ ዶማውን ከማንም አልተቀበለም፤ ማንምም ላግዝህ አላለውም። ከበሮ አልተመታም፤ ጸናጽል አልተሰማም። ቄስ ላቀው ከአጥሩ ወዲያ፣ በግቢው ውስጥ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልዩ እንደሆነ ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም።

አፈሩ ተመልሶ ሰው ሁሉ ሲሄድ ወይዘሮ ፈንታነሽ ቀሩ። ሙላቴ ራሱን ደፍቶ ዶማው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ይሰድቡኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቡት ይወድ ነበር።

«ሙላቴ።»

«አቤት እታለም።»

«እኔን ከልክለውኛል። አይታይም ብለው ሳጥኑን አልከፈቱልኝም። አንተ ነህ ያየኸው። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ሙላቴ ሁሉንም አይቷል። ስድስት ተኩሉ ሌንስ አንዲት ነገር አላስቀረበትም፤ እስኪሞት ድረስ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የሚያየው እሱኑ ነው።

«አላየሁትም እታለም» አለ። «ውኃው ድፍርስ ነበር። እንደሚያውቁት ዓይኔ ደካማ ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ለመሄድ ዞሩና ቆም አሉ።

«እንዲህ ማለት ትችል ነበር ለካ» አሉት።